በእማዬ ጎን ያለችው ቦታ

ልብስ ሰፊው ሰባ ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር ሲቀረው የገዛ ወንድሙን ሆድ በስውር መለካት ጀመረ። ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ ደግነቱን ሰፈሩ በሙሉ ይመሰክራል፤ የችግረኛ ሱሪ በነፃ ያሳጥራል፣ የተጣላ ያስታርቃል። እንደ ሕፃን የሚያደርገው ከወንድሙ ጋር ሲሆን ብቻ ነው። ለመለካቱም ምክንያት ነበረው፤ ወንድሙ ሲሞት ከእናታቸው መቃብር ጎን ባለችው ባዶ ቦታ ይገባ እንደሆነ ለማወቅ ፈልጎ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ከከተማው በላይ፣ ጉብታው ላይ፣ ዙሪያውን በድንጋይ የታጠረ፣ አረንጓዴ የብረት በር ያለው የጥንት የሙስሊም መቃብር አለ። አናቱ ላይ ታላቁ ሼህ አርፈዋል። ሼሁ ከብዙ መቶ ዓመት በፊት ኪታባቸውን በብብታቸው ሸጉጠው በእግራቸው መጡ፣ አስተማሩ፣ ሸመገሉ፣ እዚያው ሞቱ። ከዚያ ወዲህ ደረሶቻቸው፣ የደረሶቻቸው ደረሶች፣ በመጨረሻም የከተማው ሰው ሁሉ ከእግራቸው ሥር መቀበርን እንደ ወግ ያዘው። ዛሬ ቦታው ከመሙላቱ የተነሣ ሙታኑ እንደ ጁምዓ ሰላት ሰልፍ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ነው የተኙት።

ይህ ለእነሱ ችግር የለውም። ችግሩ ለጠያቂ ነው። በሰው መቃብር ላይ መርገጥም መቀመጥም ነውር ነውና ዘመዱን ሊዘይር የወጣ ሰው አንድ እግሩን እዚህ፣ አንድ እግሩን እዚያ ጠጠር ላይ አሳርፎ፣ ሰላምታውን ሰጥቶ፣ ፋቲሐውን አጣድፎ፣ ወገቡን ይዞ ይወርዳል። እዚያ ቆሞ ረጅም ዱዓ የሚያደርግ ሰው ካያችሁ ወይ ወጣት ነው፣ ወይ በገመድ ላይ መሄድ የለመደ ነው።

የልብስ ሰፊው እናት ግን ዕድለኛ ነበሩ። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ሲሞቱ ከሼሁ በታች ሦስተኛው ሰልፍ ላይ ተቀበሩ፤ ከጎናቸውም አንዲት ባዶ ቦታ ቀረች። በዚያ ሁሉ መጨናነቅ መካከል እንደ ፍንጭት ጥርስ ከሩቅ ትታያለች። ሁለቱ ልጆቻቸው ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ ዐይናቸውን የጣሉት እዚያች ላይ ነው።

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል። ታላቁ ልብስ ሰፊ ነው፤ ክር የመሰለ ቀጭን ሰው። ታናሹ ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ አንድ ኩንታል ይመዝናል። ስልሳ አምስት ዓመት ሊሞላው፣ ስድስት የልጅ ልጅ አይቶ እንኳ፣ ወንድሙ የሚጠራው “ማሙሽ” እያለ ነው። ማሙሽም ታላቁን “ጋሼ” ይለዋል፤ ሲናደድበት ግን “ሜትር” ይለዋል። ይህን ስም ያወጣለት ሰፈሩ ነው፤ መንገድ ላይ የሚያልፈውን ሰው በዐይኑ ብቻ አይቶ ልኩን በሴንቲሜትር ስለሚናገር።

ጠባቸው የተጀመረው ማሙሽ የተወለደ ቀን ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ በቤቱ በነበረችው አንዲት አልጋ ላይ ከእናቱ ጎን የሚተኛው የአምስት ዓመቱ ልጅ ነበር። የዚያን ዕለት “አንተማ ትልቅ ሰው ሆነሃል” ተባለና መሬት ላይ ምንጣፍ ተነጠፈለት። ትልቅ ሰው መሆን ይፈልግ እንደሆነ የጠየቀው የለም። ልጁ አደገ፣ ሙያ ያዘ፣ ሱቅ ከፈተ፣ ልጆች ዳረ፤ ከዚያች ምንጣፍ ላይ ግን እስከ ዛሬ አልተነሣም።

“አሁን ተራው የእኔ ነው” ይላል ለሚስቱ። “በጎኗ ለመተኛት ስልሳ አምስት ዓመት ጠበቅኩ።”

“ታዲያ ምን አጣደፈህ፤ ሌላ ስልሳ አምስት ጠብቅ” ትለዋለች።

ወንድማማቾቹ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ተጨቃጭቀው ተጨቃጭቀው ሲደክማቸው አንድ ስምምነት ላይ ደርሰው ነበር፦ ቀድሞ የሞተ ይውሰዳት። ሲሰሙት ፍርድ ይመስላል። ጉዱ የታየው ውሎ አድሮ ነው። ማናቸውም መሞት አልፈለጉም፤ ማናቸውም መቀደም አልፈለጉም። ማሙሽን ትንሽ ሲያስለው ልብስ ሰፊው ማር ይዞ ይሮጣል። ልብስ ሰፊው ወገቡን ሲይዘው ማሙሽ ሐኪም ቤት ድረስ ተሸክሞት ሊሄድ ይደርሳል። ሰፈርተኛው “ወንድም ማለት እንዲህ ነው” እያለ ያደንቃል። “ጤናህ እንዴት ነው?” የሚለውን ሰላምታ እንደ እነዚህ ሁለት ሰዎች ከልቡ የሚጠይቅ በከተማው አልነበረም።

መቃብሩን የሚዘይሩትም በየፊናቸው ነው። ልብስ ሰፊው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መቀሱን ሰቅሎ ይወጣል። ማሙሽ ጁምዓ ጠዋት የመጨረሻውን ዳቦ ከምድጃ አውጥቶ ይወጣል። ሌላው ጠያቂ በአንድ እግሩ ሲንገዳገድ እነሱ በየተራቸው ባዶዋ ቦታ ላይ እግራቸውን አጣጥፈው፣ ተደላድለው ይቀመጣሉ። ከቁርኣን ያሲናቸውን ይቀራሉ፣ ዱዓቸውን ያደርጋሉ፣ ከዚያ ለእናታቸው የሳምንቱን ወሬ ያወራሉ። የወሬው ግማሽ ስለ ወንድም ክፋት እንደሆነ ባልነግራችሁም ታውቁታላችሁ።

ዘንድሮ የመቃብሩ ኮሚቴ አረንጓዴው በር ላይ ማስታወቂያ ለጠፈ። የቀሩት ባዶ ቦታዎች በአንድ ወር ውስጥ ተለክተው፣ ተመዝግበው ያልቃሉ ይላል። የኮሚቴው ጸሐፊ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። ሁለቱ ወንድማማቾች በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ ለአንዲት ቦታ ሁለት ማመልከቻ ይዘው ፊታቸው ሲቆሙ መነጽራቸውን አወለቁ።

“ስምምነት አለን” አለ ልብስ ሰፊው። “ቀድሞ የሞተ ይወስዳታል።”

“እንዲህ የሚል ሣጥን ቅጹ ላይ የለም” አሉ መምህሩ። “አንድ ስም ነው የምጽፈው። እስከ ወሩ መጨረሻ ተስማሙ። ካልሆነ ቦታዋ ለሌላ ሰው ትሰጣለች።”

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ መምህሩ ወረቀቱን ያዙ፣ ወንድማማቾቹ ነገራቸውን ይዘው ወጡ። በሩ ላይ ልብስ ሰፊው ቆም አለ።

“ለነገሩ አንተ አትገባባትም።”

“ምን ማለት ነው?”

“ወርዷን ለክቻታለሁ። ስልሳ ሁለት ሴንቲ ናት። አንተ ትከሻህ ብቻ ስልሳ ነው፤ ከከፈን ጋር ስልሳ አንድ። ሆድህን ገና አልቆጠርኩም።”

“መቃብር ለክተህ መጣህ?”

“ሥራዬ ነው።”

ማሙሽ ትንሽ አሰበና ፊቱ በራ። “ሰው እኮ በጀርባው አይቀበርም። በቀኝ ጎኑ ነው።”

ልብስ ሰፊው ከላይ እስከ ታች በጎን በኩል አየው። “በጎንህማ ባሰ።”

ማሙሽ ሆዱን በሁለት እጁ ይዞ ቁልቁለቱን ወረደ።

ልብስ ሰፊው ግን በዐይን ልክ ብቻ መምህሩ ፊት መቅረብ አላስደሰተውም፤ ማስረጃ ፈለገ። በማግስቱ ዳቦ ቤቱ ሄዶ “ለልጅ ልጅህ ኒካሕ ኮት ልስፋልህ፤ በነፃ” አለው። ማሙሽ በሃያ ዓመት ውስጥ ከወንድሙ በነፃ ያገኘው ምክር ብቻ ስለነበረ ገረመው። ቢሆንም ኮት ኮት ነው። ሱቁ ድረስ መጣ፤ ዱቄቱን ከእጁ አራግፎ መስተዋቱ ፊት ቆመ። ልብስ ሰፊው ደረቱን ለካ፣ እጅጌውን ለካ፣ ከዚያ “እስቲ በጎንህ ዙርልኝ” አለ።

“ኮት በጎን ነው እንዴ የሚለካው?”

“አዲስ አሠራር ነው። ትንፋሽህን አትያዝ።”

ሰባ አንድ። ልብስ ሰፊው ቁጥሩን ደብተሩ ላይ ጽፎ ሁለት ጊዜ አሰመረበት። የዚያን ዕለት ከሰዓት እያፏጨ ነበር የሠራው።

ማሙሽ የዋህ ነው እንጂ ሞኝ አይደለም። ወገቡን ሳይሆን ሆዱን በጎን የሚለካ ልብስ ሰፊ ምን እንደሚያስብ ከሱቁ ሳይወጣ ገብቶታል። በሳምንቱ ከተማው አንድ ጉድ አየ፤ ዳቦ ጋጋሪው ዳቦ መብላት ተወ። በየማለዳው የመጀመሪያውን ዳቦ ካወጣ በኋላ በትሩን ይዞ ወደ ጉብታው ይወጣል፣ መቃብሩን ዘይሮ ይወርዳል። በመጀመሪያው ቀን ሦስት ጊዜ አረፈ። በዐሥረኛው ቀን አላረፈም። እናታቸው በሞቱ በሃያ ሁለት ዓመታቸው በየቀኑ ጠያቂ ያገኙት ያኔ ነው።

ኮቱ ለሙከራ ሲለበስ ሰፋ። ልብስ ሰፊው ግራ ገብቶት አጠበበው። በሳምንቱ ደግሞ ሰፋ፤ ስልሳ ስድስት። እንደገና ፈታው። ሦስተኛው ሙከራ ላይ ማሙሽ መስተዋቱ ፊት ሲቆም ኮቱ ከመስቀያ ላይ እንዳለ ተንጠለጠለበት፤ ሜትሩ ስልሳ አንድ አለ። ልብስ ሰፊው ቦታዋ ከእጁ ልታመልጥ መሆኑን አወቀ። የሚገርመው ግን መጀመሪያ የመጣበት ሐሳብ ይህ አልነበረም። የወንድሙን አንገት አየ። የቆዳውን መላላት አየ። ሜትሩን ከእጁ አስቀመጠ።

“ማሙሽ፣ አሞሃል እንዴ? እውነቱን ንገረኝ።”

“ደህና ነኝ።”

“ለቦታዋ ብዬ አይደለም የምጠይቅህ።”

“አውቃለሁ። ድምፅህ ሌላ ነው” አለ ማሙሽ፤ የልብስ ስፌት መኪናው ጎን ያለችው በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ለመጀመሪያ ጊዜ በርጩማዋ አልጮኸችም። “አላመመኝም። ልገባባት ፈልጌ ነው የከሳሁት። ጋሼ፣ እማዬ ስትሞት አንተ እጇን ይዘህ ነበር። እኔ ምድጃ ፊት ነበርኩ። ሰው ልከህብኝ፣ ሮጬ ስመጣ፣ ፊቷ ተሸፍኖ ነበር። እጄ ዱቄት ስለነበረ ልነካትም አፈርኩ። አንተ መጨረሻዋን አግኝተሃል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ደግሞ ለእኔ ብትተውልኝ ምናለ?”

ልብስ ሰፊው ለሃያ ሁለት ዓመት ይህን ከወንድሙ አፍ ሰምቶት አያውቅም። እሱ ራሱም የደበቀው ነገር ነበረው። እናታቸው በመጨረሻው ሰዓት የተናገሩትን ቃል ያውቃል፤ ለማሙሽ አልነገረውም። ለምን ቢባል፣ ቃሉ ስለ እሱ ስላልነበረ ነው። እጃቸውን ይዞ ያደረው እሱ ሆኖ እናቱ የጠየቁት ሌላውን መሆኑ እንደ መርፌ ስባሪ ውስጡ ቀርቶ ነበር። አሁን ልናገር ብሎ አፉን ሲከፍት አንዲት ሴትዮ የቀሚስ ጨርቅ ይዘው ገቡ። አፉን መልሶ ዘጋ።

የወሩ መጨረሻ ደረሰ። መምህሩ የብረት ሜትራቸውንና ደብተራቸውን ይዘው፣ ማጭድ የያዙ ሁለት ሠራተኞች አስከትለው ወጡ። ወንድማማቾቹ ከእናታቸው መቃብር ራስጌ ቆመው ጠበቋቸው። ልብስ ሰፊው ያን ቀን ጠዋት ለሚስቱ “ልተውለት ይሆናል” ብሎ ነበር የወጣው። እዚያ ሲደርስና ቦታዋን ሲያይ ግን የአምስት ዓመቱ ልጅ እንደገና ተነሣበት።

“ተስማማችሁ?” አሉ መምህሩ።

“ይገባባታል” አለ ልብስ ሰፊው በግድ። “ስልሳ አንድ ሆኗል። ወርዷ ስልሳ ሁለት ነው።”

“ቁመቷስ?”

“ቁመቷማ የታወቀ ነው። የመቃብር ቁመት የመቃብር ቁመት ነው።”

“እኔ በሕይወቴ የታወቀ ነው ብዬ የጻፍኩት ቁጥር የለም” አሉና መምህሩ ሠራተኞቹን ጠቀሱ። በቦታዋ ግርጌ በኩል ወገብ የሚደርስ የእሬት ቁጥቋጦ ነበር፤ ማን እንደተከለው የማይታወቅ፣ ሃያ ዓመት ያልተነካ። ሠራተኞቹ ማጨድ ጀመሩ። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው እንዲሉ፣ እሬቱ ሲነሣ ከሥሩ አንድ ጥንታዊ የመቃብር ድንጋይ ብቅ አለ። የጽሕፈቱ ግማሽ ዝናብ በልቶታል፤ ከሼሁ ደረሶች የአንዱ መሆኑ ግን ይለያል። ባዶዋ ቦታ እሱ ጋ ታበቃለች።

መምህሩ ለኩ። “አንድ ሜትር ከሃምሳ” አሉ። “ይህ ለአዋቂ ሰው አይሆንም። ከሁለታችሁ እግሩን ቤት ትቶ የሚመጣ ካለ ልመዝግብ።”

ልብስ ሰፊው ሜትሩን ነጥቆ ራሱ ለካ። እንደገና ለካ። አንድ ሜትር ከሃምሳ። ሃምሳ ዓመት በሙሉ ለሰው ሲያስተምር “ቁመት ያልለካ ሱሪ አበላሸ” የሚል ሰው፣ ሃያ ሁለት ዓመት የተቀመጠባትን ቦታ ቁመት አልለካም። የወንድሙ ሆድ ዐይኑን ሞልቶት፣ ከወርድ በቀር ነገር በዓለም ላይ ያለ አልመሰለውም። ጆሮው ድረስ ቀላ።

“በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና…” አለ ማሙሽ። ገደሉን ሳይጨርስ ሳቁ ቀደመው። መምህሩም ሳቁ፤ ሠራተኞቹም ማጭዳቸውን ይዘው ሳቁ። ልብስ ሰፊው ሊቆጣ ፈለገና የቁጣው መነሻ ጠፋው።

መምህሩ ግን ደብተራቸውን ሳይዘጉ ቆሙ። “አንድ ነገር አልገባኝም። እዚህ ሰው ለአንድ ስንዝር ይጣላል። ይህን ያህል ቦታ ዝም ብሎ የሚተው ቆፋሪ የለም። እናታችሁን የቀበረው ማነው?”

“አባ ዶማ” አሉ ሁለቱም በአንድ ጊዜ።

አባ ዶማ የመቃብር ቆፋሪዎቹ አለቃ ነበሩ። አሁን ወደ ዘጠና ይጠጋሉ፤ ከልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት። ወንድማማቾቹ ሲደርሱ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ዶማቸው ግድግዳውን ተደግፋ ከጎናቸው ቆማለች። እሷን ሳያዩ መዋል አይወዱም። ማሙሽ ጆሯቸው ሥር ጎንበስ ብሎ ጮክ እያለ ነገራቸው፦ ባዶዋ ቦታ፣ ጭቅጭቁ፣ ማመልከቻው፣ ኮቱ፣ መክሳቱ፣ አንድ ሜትር ከሃምሳው። ሽማግሌው እስከ መጨረሻው ሰሙት።

“የምን መቃብር?” አሉ። “መቀመጫ ናት እኮ።”

“የማን መቀመጫ?” አለ ልብስ ሰፊው።

“የናንተ ነዋ። እናታችሁ ከመሞቷ ዓመት ያህል በፊት፣ እናቷን ልትዘይር በትሯን ይዛ ወጥታ ነበር። መቆሚያ አጥታ በአንድ እግሯ ስትንገዳገድ ደረስኩና ደገፍኳት። ያን ቀን ‘እኔን እንዲህ አድርገህ እንዳትቀብረኝ’ አለችኝ። ‘ልጆቼ ቆመው አይቆዩልኝም። ታላቁ ሱቁን ያስባል፣ ታናሹ ምድጃውን። መቀመጫ ካላገኙ ፋቲሐቸውን ቀርተው ይሮጣሉ።’ እሺ ብዬ ቦታ አሳየኋት። ከደረሳው መቃብር በላይ መቃብር የማይወጣው ቁራጭ መሬት ነበር፤ እሱን ከጎኗ ተውኩላት። ‘ስንት ሰው ይያዝ?’ ብላት ‘ሁለት’ አለች። ራሷ ተቀመጠችና እኔን ከአጠገቧ አስቀምጣ ሞከረችው። ያኔ እኔም እንደ ታናሹ ወፍራም ነበርኩ።” ማሙሽን አዩት። “ይኸኛው የትኛው ነው?”

“ከስቼ ነው፣ አባባ።”

“ክፉኛ ከሳህ። እና መቀመጫዋ ጠበበችን። ‘ድንጋዩን ትንሽ ልግፋውና ላስፋው?’ አልኳት። ‘ተወው’ አለች፤ ‘ካልተጠጋጉ የማይበቃ ይሁን።’”

ማሙሽ የዶማዋን እጀታ በጣቱ ይዳስሳል።

“አባባ፣ ለምን ሳይነግሩን ቀሩ?” አለ ልብስ ሰፊው።

“ምኑን ልንገር? በዚያ ባለፍኩ ቁጥር አንዳችሁ ተቀምጦበት አያለሁ። የሚያውቅ ሰው ምን ይነገረዋል?” ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ፀሐይ መለሱ። “ሌላኛው የት ሄደ ብዬ ግን ሁልጊዜ ይገርመኝ ነበር።”

ከዚያ ቤት ሲወጡ ማናቸውም ወዴት እንሂድ አላሉም። እግራቸው ወደ ጉብታው ወሰዳቸው። አረንጓዴው በር ላይ ጫማቸውን አራግፈው ቆሙና እንደ ልማዱ ሰላምታ ሰጡ፦ “አሰላሙ ዐለይኩም፣ እናንተ የዚህ ቤት ሰዎች። እኛም አላህ ያለ ቀን እንከተላችኋለን።” ይህችን ሰላምታ ለሃያ ሁለት ዓመት ሲሰጡ፣ ማን ቀድሞ እንደሚከተል ሳያሰሉ ያለፉባት የመጀመሪያዋ ቀን ይህች ናት።

ተቀመጡ። ልብስ ሰፊው በግራ፣ ማሙሽ በቀኝ፣ የእናታቸው መቃብር ፊት ለፊት። ያሲኑን ማሙሽ ቀራ፤ ድምፁ ጥሩ ነው። ዱዓውን ልብስ ሰፊው አደረገ። ሲጨርሱ ልብስ ሰፊው በመካከላቸው ያለውን ባዶ አየና ሥራው ነውና ሳይለካው አላለፈም። አንድ ስንዝር።

“አየህ፣ ከስተህ የእማዬን ልክ አበላሸህ።”

“ጠጋ በላ።”

ጠጋ አለ። ጉልበታቸው ተነካካ። ልጆች ሳሉ አንድ ትሪ ላይ ከበሉበት ጊዜ ወዲህ እንዲህ ተጠጋግተው የተቀመጡበትን ቀን ማስታወስ አልቻለም። የወንድሙ ልብስ ዛሬም የምድጃ ሽታ አለው።

“ማሙሽ።”

“አቤት ጋሼ።”

“ያን ቀን እማዬ መጨረሻ ላይ የተናገረችውን ነግሬህ አላውቅም። ስለ እኔ ስላልነበረ ነው፤ ቀናሁ። ጎህ ሲቀድ ዐይኗን ገለጠችና ‘ማሙሽ ዳቦውን አወጣ?’ አለችኝ። ‘አውጥቷል’ አልኳት። አላወቅኩም ነበር፤ እንዲሁ አልኳት። ‘ጎሽ’ አለች። ከዚያ ሸሃዳዋን ይዛ ሄደች።”

የማሙሽ ትልቅ ፊት ቀስ ብሎ ተጨማደደ፤ እንባው ጢሙ ላይ ወረደ፤ ግን ፈገግ እያለ ነበር።

“አውጥቼ ነበር” አለ። “ያን ቀን አንድም አላረረብኝም።”

ልብስ ሰፊው ከኪሱ ቁራጭ ጨርቅ አውጥቶ ሰጠው፤ የኮቱ ገበር ትራፊ ነበር። ማሙሽ ፊቱን ጠረገበት፣ አፍንጫውንም ተናፈጠበት፣ ከዚያ ለረጅም ጊዜ ጨርቁን እያጣጠፈ ቆየ።

“ጋሼ፣ ያቺን ምንጣፍ ታስታውሳታለህ?”

“ብረሳት ደስ ባለኝ።”

“እኔ ትንሽ ሆኜ እንዴት አለቅስ እንደነበር ሁልጊዜ ታማኛለህ። ለምን እንደሆነ ታውቃለህ? ስነቃ እማዬ አልጋው ላይ የለችም። እኔ እንቅልፍ ሲወስደኝ ጠብቃ ትወርዳለች። ምንጣፉ ላይ ጀርባህን አቅፋህ ነበር የምትተኛው። እኔ ሲበርደኝ እጮሃለሁ፣ ትመለሳለች። አንተ እንደ ግንድ ነበር የምትተኛው፤ መቼ ታውቃለህ?”

ልብስ ሰፊው ወደ ወንድሙ አልዞረም። መቃብሩን ነበር የሚያየው፤ ሣሩን፣ ራስጌው ላይ ያለውን ድንጋይ። ልቡ ውስጥ ስልሳ አምስት ዓመት የተነጠፈ ነገር ሲጠቀለል ተሰማው።

“ስንት ቀን?” አለ።

“ሁልጊዜ።”

እንደተቀመጡ ከታች ጠያቂዎች ሲወጡና ሲወርዱ፣ በአንድ እግራቸው ቆመው ፋቲሐ ሲያጣድፉ ያያሉ። መምህሩ ቀደም ብለው ቦታዋን ሲለኩ ከአጥሩ ሥር ጎን ለጎን የሆኑ ሁለት ቦታዎች እንዳሉ ነግረዋቸዋል፤ ከእናታቸው ትንሽ ይርቃሉ፣ ግን ከዚያ ወደ ላይ የእናታቸው መቃብር ይታያል። ስማቸውን አስጽፈው ለመሄድ ተስማሙና ተነሡ። ልብስ ሰፊው ሲነሣ ጉልበቱ ጮኸ፤ ማሙሽ እጁን ይዞ አነሣው።

“ከዛሬ ጀምሮ ዳቦህን ብላ” አለ ልብስ ሰፊው። “ኮቱንም እኔ መልሼ አሰፋዋለሁ።”

“እሺ። ታዲያ አብረን ከሆነ የምንመጣው ጁምዓ ጠዋት ይሁን።”

“ሐሙስ ነው የምንመጣው። ሐሙስ ከሰዓት ፀሐዩ ይበርዳል።”

“ሐሙስ ሊጥ አለኝ።”

“ጁምዓ ደንበኛ አለኝ።”

እስከ አረንጓዴው በር ድረስ አልተስማሙም። በሩ ላይ ቆመው ሲከራከሩ መምህሩ ደብተራቸውን ይዘው ደረሱና የትኛው ቦታ ለማን እንደሚጻፍ ጠየቋቸው፤ የቀኙ ለታላቁ ነው ወይስ ለታናሹ።